የቀኙ ቤትና የግራው ቤት

ለዚህች ከተማ የሕንጻን ልክ ያስተማሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው አባ ክንዴ ይባሉ ነበር፤ ሜትር በኪሳቸው እያለ የበሩን ወርድ በገዛ ክንዳቸው ካልለኩ ብዕራቸውን ለፊርማ አያነሡም። ሁለተኛው ዝምታው ነበሩ፤ እርከኑ የተዛባ ደረጃ ሲያጋጥማቸው ወጥተው ይወርዳሉ፣ ኮታቸውን ያስተካክላሉ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዳሉ፤ ያ ዝምታ ተቋራጮችን እንቅልፍ ይነሣ ነበር። ሦስተኛው ባለገመዱ ነበሩ፤ የማንኛውም ቤት መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የክፍሎቹን ቅርጽ ሜዳው ላይ በገመድ አስወጥረው ባለቤቱን «እስቲ ገብተህ ኑርበት» ይሉታል። ሰውየው በገመዶቹ መካከል አልጋው በየት እንደሚዞር፣ ጠረጴዛው በየት እንደሚገባ በእጁ ሲያሳይ እሳቸው ቆመው ይመለከታሉ። ዛሬ የሦስቱም ፎቶግራፍ በልክና ደረጃ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። በሥሩ የሚያልፉት ወጣቶች ስልካቸውን እንጂ ግድግዳውን አያዩም።

ከሦስቱ በኋላ በዚያ መሥሪያ ቤት በሕንጻ ፈታሽነት ወንበር የተቀመጡት ውኃ ልኩ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ግንበኞች ሲሆኑ ምክንያታቸው ሁለት ነበር፤ አንደኛው፣ የወለልና የግድግዳ ቀጥነት የሚፈተሽበት ውኃ ልክ የተባለው መሣሪያ ከኮታቸው ኪስ ተለይቶ አለማወቁ ነው፤ ሁለተኛው፣ የሰውየው አቋም ራሱ ግድግዳ ሊለካበት ይችላል መባሉ ነው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ወገባቸው አልጎበጠም። ወንበር ላይ ሲቀመጡ መደገፊያው ለሌላ ሰው የተሠራ ይመስል ጀርባቸውን አያስነኩትም።

ባለቤታቸው እመት ሃሎ ይባላሉ። በወጣትነታቸው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ገመዱን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሰኩት ሰሌዳውን ሳያዩ፣ ከጎናቸው ካለችው ባልደረባ ጋር እየተጫወቱ ነበር። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። የሰው ስም ይጠፋቸዋል፣ ወሩ ይጠፋቸዋል፤ ቀልዱ ግን አልጠፋቸውም። ሐኪሙ «እናቴ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው «አንተ ወጣቱ ካላወቅኸው እኔ አሮጊቷ ከየት ላምጣልህ?» ብለው መልሰውለታል።

ሁለቱ ልጅ አልወለዱም። ነገር ግን የውኃ ልኩ ወንድም በልጅነቱ ትቶት የሞተውን ልጅ እንደ አብራካቸው ክፋይ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተውታል። ልጁ አድጎ አርክቴክት ሆነ፤ ስመ ጥርም ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚመካበትም ከከተማዋ ዳር ያሠራው የአረጋውያን መኖሪያ መንደር ነው።

መንደሩ በእውነት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። አራት ሕንጻዎች አንድ አደባባይ ከበው ቆመዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው መተላለፊያ ጣሪያ ስላለው በዝናብ ቀን የማንም እግር አይርስም። በሮቹ ደፍ የላቸውም፤ ምርኩዝም ሆነ ተሽከርካሪ ወንበር ሳይደናቀፍ ያልፋል። የኮሪደሩ መደገፊያ የተሠራው ከብረት ሳይሆን ከእንጨት ነው፤ በብርድ ጊዜ ብረትን የሽማግሌ እጅ ይሸሸዋልና። መስኮቶቹ ዝቅ ብለው በመሠራታቸው አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሰማይን ብቻ ሳይሆን በአደባባዩ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ያያል። በአሳንሰሩ ውስጥ እንኳ የምትታጠፍ መቀመጫ አለች። የመኖሪያ ቤቶቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰፊ ክፍል፣ አንዲት ጠባብ ማብሰያና አንድ መታጠቢያ ቤት አሏቸው። ሦስተኛው ሕንጻ ብቻ ከሌሎቹ ይለያል፤ አእምሯቸው ለደከመ ነዋሪዎች የተለየ ስለሆነ በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ክፍሎቹም ለአንድ ሰው ብቻ የተሠሩ ናቸው።

አርክቴክቱ ያሳደጉትን ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ጋር አስገባቸው። የተመደበላቸው ቤት ቀለሙ ገና ስላልደረቀ፣ ለጎብኚዎች መታያ ተብሎ በምድር ቤት በተዘጋጀው ናሙና ቤት እንዲሰነብቱ ተደረገ። በገቡበት ቀን ውኃ ልኩ መሣሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወለሉ ላይ፣ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ በበሩ መቃን ላይ እያስቀመጡ ፈተሹ። አርክቴክቱ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠባበቅ ነበር።

«ቀጥ ያለ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ይኸው ነው ጋሼ? ሌላ ምንም የለም?»

እመት ሃሎ ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆነው ሳቁ። «ተመስገን በል አንተ! እኔን ሲያገቡኝ እንኳ ይህን ያህል አላሉኝም።»

በናሙናው ቤት የቆዩት ከታሰበው በላይ ነበር። የቀለሙ ነገር አልቆ የመብራቱ ተተካ፤ የመብራቱ ሲያልቅ የመስኮቱ መስታወት እንደገና ተቀየረ። በዚህ መካከል እመት ሃሎ ቤቱን ለመዱት። ከአልጋቸው ሲነሡ ቀኝ እጃቸውን በግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ ቁም ሣጥኑን ታክከው፣ ቀጥ ብለው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ይደርሳሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ማንም አልመራቸውም።

የራሳቸው ቤት ሲጠናቀቅ አርክቴክቱ ራሱ ዕቃ እያጋዘ ወደ ላይኛው ፎቅ አወጣቸው። እመት ሃሎ ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ።

«ይህ የማን ቤት ነው?»

«የእናንተ ነው እቴቴ። ያው ቤት ነው፤ በመስታወት ያየሽው ማለት ነው እንጂ ምንም የተለየ ነገር የለውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የውኃ ቧንቧ በአንድ ግድግዳ ውስጥ ወርዶ ሁለት ቤቶችን እንዲያጠጣ ሲባል፣ ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተደርገው ተነድፈዋል። በአልጋው በኩል ቆሞ ወደ በሩ ለሚመለከት ሰው፣ በአንዱ ቤት መታጠቢያው በቀኝ መውጫው በግራ ነው፤ በሚቀጥለው መታጠቢያው በግራ መውጫው በቀኝ ይሆናል። ሠራተኞቹ አንደኛውን የቀኝ ቤት፣ ሌላውን የግራ ቤት ይሉታል። ናሙናው የቀኝ ቤት ነበር። ለባልና ሚስቱ የተሰጣቸው የግራ ቤት ነው።

ችግሩ ውሎ ሳያድር ጀመረ። እመት ሃሎ ከቀትር እንቅልፍ ሲነቁ ከቤት ይወጣሉ። ነጠላ ጫማቸውን ሳያደርጉ፣ መቀነታቸው ተፈትቶ፣ ኮሪደር ላይ ቆመው ይገኛሉ። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት ያዘቻቸው፤ ሌላ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ይዛ መለሰቻቸው። በአንደኛው ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንግዶች ከአሳንሰሩ ሲወጡ እመት ሃሎ እዚያው ኮሪደር ላይ እንደ ቆሙ ራሳቸውን መቆጣጠር ሳይችሉ ቀሩና ምንጣፉ ረጠበ። ያን ዕለት ማታ ምንም አልቀለዱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

 በማግስቱ የመንደሩ ሥራ አስኪያጅ ስታስጠራቸው ውኃ ልኩ ኮታቸውን ቆልፈው ቢሮዋ ገቡ። ጎልማሳ፣ ጨዋ፣ ሥራዋን አክባሪ ሴት ናት።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ለእመት ሃሎ ደኅንነት ብለን ነው እንጂ ደስ ብሎን አይደለም። ሰኞ ወደ ሦስተኛው ሕንጻ ይዛወራሉ። እዚያ ቀንም ሌትም ጠባቂ አለ።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ጤነኛ ነዎት። እዚያ ያለው ክፍል የአንድ ሰው ነው። በፈለጉ ሰዓት ሄደው ይጠይቋቸዋል።»

«ሚስቴን እንደ እስረኛ ልጠይቅ?»

«አባባ፣ እንደዚያ አይበሉ። ይወጣሉ እኮ! አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢወጡስ?»

 ውኃ ልኩም በልባቸው ያመኑት ይህንኑ ነበር፦ ሕመሙ ጠንክሯል፣ እግሯ ውጭ ውጭ ይላል ብለው ነበር። ከጋብቻቸው ወዲህ ለሥራ ካልሆነ በቀር ተለያይተው አድረው የማያውቁ ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ በቁጥር በሚከፈት በር ሊለያዩ ነው። ውኃ ልኩ ከቢሮው ወጡና በአደባባዩ ዙሪያ አካሄዳቸውን ሳያዛቡ ሲመላለሱ ታዩ፤ ይህም ክፉኛ መጨነቃቸውን ለሚያውቋቸው በቂ ምልክት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤታቸው ዳኛው ሊጠይቋቸው መጡ። ዳኛው በጡረታም ቢሆኑ ችሎት የሚገቡ ይመስል ከረባት ሳያስሩ ከደጃቸው አይወጡም። ቤታቸው ከባልና ሚስቱ ቤት ቀጥሎ ያለው ሲሆን የቀኝ ቤት ነው።

«የመጣሁት እንደ ጎረቤትም እንደ ወዳጅም ነው» ብለው ጀመሩ።

«ሁለት ሆነው ከመጡ ሁለት ወንበር ላምጣ?» አሉ እመት ሃሎ።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩ ቀላል አይደለም ውኃ ልኩ። እመት ሃሎ በዚህ ሳምንት እኔ ቤት ገብተዋል። ተኝቼ ነበር። በሩን ከፍተው ገቡ፤ መታጠቢያ ቤቱን ተጠቀሙ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ፎጣውን በሥርዓት አንጠለጠሉ፤ በሩን ዘግተው ወጡ። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ዝም አልኩ። ምን ልበል? በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሞ ቢደርስ ለእሳቸውም ክብር አይሆንም። ጎረቤቶች ሁሉ የሥራ አስኪያጇን ውሳኔ ደግፈናል። ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ውኃ ልኩ። «አመሰግናለሁ።»

«ሕሊናዬ ንጹሕ ነው።»

«ይሁን።»

ዳኛው ተነሡ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ባልንም ሚስትንም እጅ ነሡ፣ በክብር ዞሩ፣ በሩን ከፍተው ወጡ፤ መብራቱንም አጥተው በጨለማ ቆሙ። የገቡት መታጠቢያ ቤት ነበር።

 ከውስጥ ባልዲ ሲንኳኳ ተሰማ።

«ዳኛ» አሉ ውኃ ልኩ፣ «እሱ መታጠቢያ ቤቱ ነው።»

«አይቼዋለሁ» አለ ድምፁ።

«ተዉአቸው» አሉ እመት ሃሎ፣ «ችሎቱ ለአፍታ ተነሥቶ ነው።»

ዳኛው ጆሯቸው ቀልቶ ሲወጡ ውኃ ልኩ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። የማንንም ክንድ ይዘው የማያውቁት ሰው የዳኛውን ክንድ ያዙ።

«ዳኛ፣ ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«ወደ ቤቴ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«በቤትዎ መውጫው በየት በኩል ነው?»

«በግራ ነው።» ዳኛው ግራ እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ቆሙ። «የእናንተ በቀኝ ነው እንዴ?»

«የእኛ በቀኝ ነው።»

«ታዲያ እኔ አልታመምኩም እኮ!»

«አልታመሙም» አሉ ውኃ ልኩ። «እጅዎ የለመደውን ነው ያደረገው።»

ዳኛውን በትክክለኛው በር ሸኝተው ሲመለሱ ክፍሉ መካከል ቆሙ። እዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ መብራት ለማብራት ሲሹ መዳፋቸው ባዶ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ሰንብቷል። እርጅና ነው ብለው አፍረው ለማንም ሳይናገሩ ቀርተው ነበር። ሚስታቸው ከአልጋ ሲነሡ በየት በኩል እንደሚሄዱ በዓይናቸው አሰሉት፦ ቀኝ እጅ በግድግዳው ላይ፣ ቀጥሎ ቁም ሣጥን መኖር የነበረበት ቦታ፣ ቀጥሎ በር። በናሙናው ቤት ያ በር የመታጠቢያ ቤቱ ነው። እዚህ የኮሪደሩ ነው። ሚስታቸው ከቤት አልወጡም። ወደ መታጠቢያ ቤት ነበር የሚሄዱት።

አርክቴክቱ የተጠራው ያኑ ዕለት ነው። መጣ፤ ግን ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጥ፣ ሰዓቱን እያየ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የመንደሩ አስተዳደር ቦርድ የሁለተኛውን መንደር ፕላን ሊያጸድቅለት ነው፤ ያም መንደር በዚሁ አነዳደፍ የሚሠራ ነው። አጎቱ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያስረዱት ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«ጋሼ፣ ዳኛው ዘወር ሲሉ ተሳሳቱ፤ ይህ ለማንም ያጋጥማል።»

«ለማንም የሚያጋጥም ከሆነ ሚስቴን ለብቻዋ ምን ያስቀጣታል?»

«ማንም አልቀጣትም።»

«ባለገመዱ በሆስፒታልና በማደሪያ ቤት ውስጥ ክፍሎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሠሩ የሚል ደንብ አውጥተው ነበር። የታመመ ሰው ክፍል ሲቀየርለት እጁ እንዳይታለል ብለው ነው።»

«አውቀዋለሁ። እኛ ነን ያስቀረነው። ቧንቧው እጥፍ ይሆናል፣ ግድግዳው እጥፍ ይሆናል። ያ የድሮ ነው ጋሼ።»

«የድሮ ሰውም ቀኝና ግራ ነበረው።»

አርክቴክቱ ተነፈሰ። «እቴቴን ከዚህ ወደ ቀኝ ቤት ለማዛወር ምን እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ? ነዋሪ ቤት መርጦ አይዛወርም፤ ቤቱ የአነዳደፍ ጉድለት አለበት ብዬ እኔ ራሴ ካላረጋገጥኩ በስተቀር። ይህ ቤት ጉድለት አለበት ካልኩ የመንደሩ ግማሽ ጉድለት አለበት ማለት ነው። ቦርዱ ይህን ሰምቶ ሁለተኛውን ይሰጠኛል? ደግሞም ጉድለት የለበትም! ያው ቤት ነው።»

«ያው አይደለም።»

«ጋሼ፣ እቴቴ ታማለች። ይህን መቀበል ስላቃተዎት ከግድግዳ ላይ ምክንያት ይፈልጋሉ።»

ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።  ውኃ ልኩ በወንበሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የኮታቸውን ቁልፍ ዘጉ።

«በዝምድና አልለምንህም። ያሳደግንህን ውለታ አንሥቼ አላስፈራራህም። የጠራሁህ በሙያህ ነው። ነገ ከምሳ በኋላ ሚስቴን ናሙናው ቤት አስተኛታለሁ። አንተ ቆመህ ታያለህ። ስትነቃ በሩን ከፍታ ኮሪደር ላይ ከወጣች፣ ሰኞ ዕቃዋን ጠቅልዬ እኔው ራሴ ሦስተኛው ሕንጻ አደርሳታለሁ። አንዲት ቃል አልናገርም።»

«ምንም አያሳይም እኮ።»

«እንግዲያውስ ለመምጣት አትፈራም።»

በማግስቱ ናሙናው ቤት ተከፈተላቸው። ሥራ አስኪያጇ ለመፍቀድ አመንትታ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ጎብኚ አለ ብላ። ነገር ግን ነገሩን ስትሰማ ራሷም ለማየት መጣች። እመት ሃሎ ምሳቸውን በልተው ሲያበቁ ባላቸው ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ።

«ቤታችን ነው» አሉ እመት ሃሎ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ጫማቸውን አውልቀው ተጋደሙ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሦስቱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። አርክቴክቱ ስልኩን ይነካካ ጀመር። ሥራ አስኪያጇ እግሯን አጣምራ ወለሉን ታያለች። ውኃ ልኩ ከሚስታቸው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

እንዲህ ሳሉ በሩ ተንኳኳና ጎብኚዎቹ ገቡ፤ አንድ ጎልማሳ፣ ሚስቱና ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት እናቱ። ሥራ አስኪያጇ በእጇ ምልክት ዝም እንዲሉ ለመነቻቸው፤ እንዲወጡ ግን ለመናገር ጊዜ አላገኘችም። አሮጊቷ አልጋው ላይ ያለውን ሰው አይተው ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ሰውም አብሮ ይታያል እንዴ?»

«ዝም በይ እማዬ። አሻንጉሊት ትሆናለች፤ ለማሳያ የተቀመጠች።»

«አሻንጉሊት ያንኮራፋል?»

ምራቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። ውኃ ልኩ እንኳ ከንፈራቸውን ነክሰው ፊታቸውን አዞሩ።

በዚያው ቅጽበት እመት ሃሎ ዓይናቸውን ገለጡ። ቀስ ብለው ተነሥተው እግራቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ። ማንንም አላዩም። ቀኝ እጃቸውን በግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ በቁም ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ጣታቸውን እያንሸራተቱ አለፉ፤ በሩን ከፈቱ፤ ገቡ፤ ዘጉ። ውኃ ሲወርድ ተሰማ። ቧንቧ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ጎብኚዎቹ ነገሩ ስለምን እንደሆነ ባያውቁም ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

እመት ሃሎ እጃቸው እየተንጠባጠበ ወጡ።

«ፎጣውን ማን ነው የወሰደው?» ብለው ቀና ሲሉ እንግዶቹን አዩ። ፊታቸው በራ። «ምነው ቆማችሁ? ቁጭ በሉ እንጂ! እርስዎ፣ እዚህ አልጋው ላይ ይቀመጡ። አንተ ደግሞ ምነው እንደ ግንድ ተጎልተህ ቀረህ? ወንበር አምጣላቸው!»

አርክቴክቱ ወንበሩን አላመጣም። ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ አክስቱ ተጠጋና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«እቴቴ፣ ላይ ቤት ስትሆኚ ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ለምንድን ነው ወደ ውጭ የምትወጪው?»

«መቼ ወጣሁ?»

«ኮሪደር ላይ... ሰዎች አይተውሻል።»

እመት ሃሎ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ አሰቡ። አሳባቸውን ፈልገው ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው።

«እኔ ሽንት ቤት ነው የምሄደው» አሉ። «በሩን ስከፍት ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ያየኛል። ያን ሁሉ ሰው ሽንት ቤታችን ውስጥ ማን እንደሚያስገባው አላውቅም። ውጡ ለማለት አፈርኩ። ዝም አልኩ።»

የምራቲቱ ፈገግታ ጠፋ። ሥራ አስኪያጇ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውኃ ልኩ ከተቀመጡበት ተነሥተው ከሚስታቸው አጠገብ ቆሙ፤ በመሐረባቸው ጫፍ የሚስታቸውን እርጥብ ጣት ይጠርጉ ጀመር። የወንድማቸውን ልጅ አላዩትም። ያሸነፉ ሰው አይመስሉም ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ከመስኮቱ ተመለሰች። «እንግዲህ ደንቡ ደንብ ነው» አለች ወደ አርክቴክቱ። «እኔ በራሴ ቤት መቀየር አልችልም። ሰኞ ክፍላቸውን ላዘጋጅ ወይስ ምን ላድርግ? የሚሉትን በእነዚህ ሰዎች ፊት ባይሉት ይሻላል፤ ቢሮ እንሂድ።»

ጎብኚው ጎልማሳ እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ወደ በሩ ሊመራቸው ሞከረ፤ አሮጊቷ ግን አልጋው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው ስለነበር አልተነሡም።

አርክቴክቱ ክፍሉን ዙሪያውን አየ፤ ግድግዳውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ሁለቱን በሮች። ብዙ ሰው ያደነቀለትን ቤት አሁን ገና እንደሚገዛው ሰው ነበር የሚያየው።

«ቢሮ አንሄድም» አለ። «እነሱም ይስሙ፤ ሊኖሩበት የመጡት እነሱ ናቸው። ሦስተኛው ሕንጻ ክፍል አታዘጋጂ። ሁለቱንም ወደ ቀኝ ቤት አዛውሪያቸው። ጉድለት አለበት ብዬ እኔ አረጋግጣለሁ፤ ለቦርዱም ሌላ ሰው ሳይነግራቸው እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ የሁለተኛውንም መንደር ፕላን እስካርመው ድረስ መልሼ እወስደዋለሁ።» ቀጥሎ ወደ አጎቱ ዞረ። «ያው ቤት ነው ያልኩት ስሕተት ነበር ጋሼ። እቴቴ አልጠፋችም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»